አሮጌይቱ አይሮፕላን እንድትተነፍስ

ዕድሜዋ ሰማንያ ዓመት ገደማ የሆናት አንዲት ትንሽ አይሮፕላን በአሜሪካ አገር አለች እንበል። ባለቤቷ እንደ ዓይኑ ብሌን ይሳሳላታል፤ በዕረፍቱ ቀን በእጁ ያጥባታል፤ ቀለሟም ከፋብሪካ እንደ ወጣችበት ቀን እንዲሆን ብሎ ብዙ ገንዘብ አፍስሶባታል። ይህ ሰው አንድ ቀን መካኒክ ጠርቶ በክንፏ ግንባር ላይ የሲኒ አፍ የሚያህል ቀዳዳ እንዲከፍትባት ያዝዛል። ያየው ሁሉ «ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም። ምንም አልነካውም፤ የቸገረው አየር ነው። በሰማይ መካከል የሚሄድ ሰው አየር አጠረኝ ሲል ቢሰሙ፣ አንባቢዬ፣ ጣና ውስጥ ቆሞ ውኃ ጠማኝ ከሚል ሰው ጋር ያመሳስሉት ይሆናል። ነገሩ ግን ከቀልድ የራቀ ነው። የዚያች ቀዳዳ መኖርና አለመኖር፣ ከዚያም ይበልጥ የምትከፈትበት ቦታ፣ አብራሪው በሕይወት መሬት መንካቱንና አለመንካቱን ሊወስን ይችላል።

አስቀድሜ ስለ አይሮፕላኖቹ ጥቂት ልንገርዎ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ሲያበቃ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወጣት ሁሉ አይሮፕላንን እንደ አውቶሞቢል ይገዛል ብለው ተስፋ አደረጉ። በ1946 ብቻ 35,000 ያህል ትናንሽ አይሮፕላኖች ተሠርተው ወጡ። ከካንሳስ ሴስና 120 እና 140፣ ከኦሃዮ ኤሮንካ ቻምፒዮን፣ ከፔንሲልቫኒያ ፓይፐር ከብ፣ ከቴክሳስ ሉስኮምብ ወደ ገበያ ጎረፉ። ብዙዎቹ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ ከ65 እስከ 85 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር የሚበሩ ነበሩ። ተስፋው ግን አልሠመረም፤ ብዙ ሳይቆይ ገበያው ወደቀ፤ ከፋብሪካዎቹም በራቸውን የዘጉ አሉ። አይሮፕላኖቹ ግን ቀሩ። ዛሬም ብዙዎቹ ይበራሉ፤ በየዓመቱ በክረምታችን፣ በሐምሌ ወር፣ በዊስኮንሲን ግዛት በኦሽኮሽ ከተማ በሚደረገው ታላቅ የአይሮፕላን ትርዒት ላይ በሣር ላይ ተደርድረው ይታያሉ።

ከእነዚህ በፊት የነበሩት ትናንሽ አይሮፕላኖች አብዛኞቹ ክፍት ነበሩ። የእኛዋ «ፀሐይ» ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ቬበር አማካይነት በአዲስ አበባ ተሠርታ፣ በጠላት ወረራ ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ፣ በጥር 2024 ወደ አገሯ የተመለሰችው ይህች አይሮፕላን የአብራሪው ራስ ከነፋሱ ጋር የሚጋፈጥባት ናት። በእንዲህ ያለች አይሮፕላን ላይ የሚያስቸግረው የአየር መብዛት እንጂ የአየር ማነስ አይደለም። ጣራና መስታወት ከመጣ በኋላ ግን አብራሪው ከብርድና ከዝናብ ዳነ፤ በዚያው መጠን ደግሞ ሳጥን ውስጥ ገባ።

ሳጥን ማለቴ ማጋነን አይደለም። የሁለት ሰው አይሮፕላን ውስጠኛ ክፍል ስፋቱ ሁለት ኪዩቢክ ሜትር ቢደርስ ነው፤ ከአንድ ትልቅ ቁም ሣጥን ብዙም አይበልጥም። በዚያ ውስጥ ሁለት ጎልማሶች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቀመጣሉ። ከፊትና ከጎን መስታወት ነው። በበጋ ቀን በቴክሳስ ሜዳ ላይ ተራ እየጠበቁ ሞተሩን አስነሥተው ሲቆሙ፣ ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ መውጫ ስታጣ፣ ክፍሉ እንደ ምጣድ ይግላል። ተማሪው ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ ከተነሡም በኋላ አይሮፕላኗ ስትንገላታ ያቅለሸልሸዋል። አስተማሪዎች ለታመመ ተማሪ መጀመሪያ የሚያደርጉለት ነገር ቀዝቃዛ አየር ፊቱ ላይ እንዲነፍስ ማድረግ ነው። ፓይፐር ከብ በዚህ በኩል የታደለች ናት፤ በሯ ለሁለት ተከፍሎ የላዩ ወደ ክንፉ፣ የታችኛው ወደ ታች ይታጠፍና እንደ ተከፈተ ይበረራል። ሌሎቹ ይህ ዕድል የላቸውም።

ይህን ያህል ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የምቾት ጉዳይ በሆነ፣ እኔም ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ ነበር። ዋናው ነገር የሚመጣው ከብርዱ ጋር ነው። በ300 ሜትር ከፍታ ወደ 2 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በክረምት የሚበር ሰው ያለ ማሞቂያ አይሆንለትም። በእነዚህ አይሮፕላኖች ለማሞቂያ የተመረጠው ዘዴ ብልሃት አለው፤ አደጋም አለው። መካኒኮቻችን ማርሚታ በሚሉት የጢስ ማውጫ ዙሪያ የላሜራ ሽፋን ይጠቀለላል። ከፊት የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር በማርሚታውና በሽፋኑ መካከል ሲያልፍ ይሞቅና በቱቦ ወደ ተቀማጮቹ እግር ይላካል። ለሙቀቱ ተጨማሪ ቤንዚን አይቃጠልም፤ የሚጣለው ትኩሳት ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። ዳሩ ግን በሞተሩ ጢስና በአብራሪው ሳንባ መካከል ያለው አጥር አንድ ስስ ላሜራ ብቻ ነው። ያ ላሜራ በየበረራው ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ዓመታት ሲያልፉም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከሽፋኑ ሥር ስለ ሆነ ሽፋኑን ፈትቶ ላላየ ሰው አይገለጥም።

በዚያ ጢስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። በክረምት ሌሊት የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ መቅረታቸውን ያልሰማ የለም። ገዳዩ ያው አንዱ ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ጉሮሮ አይከረክርም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። የያዘውንም ቶሎ አይለቅም፤ ወደ ንጹሕ አየር የወጣ ሰው እንኳ የተያዘው ደሙ በግማሽ እስኪጠራ ድረስ አምስት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ራስ ምታት ይመጣል፤ ከዚያ ድብታ፤ ከዚያ አሳብ መደነጋገር። መደነጋገሩ ነው ክፉው፤ የተመረዘው ሰው መመረዙን የሚያውቅበት አእምሮው አስቀድሞ ይወሰድበታልና። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሲያዞረው ሊቀመጥ፣ በሩን ሊከፍት ይችላል። አብራሪው ግን መሪ ይዟል።

ከፍታው ደግሞ ይጨምርበታል። እነዚህ አይሮፕላኖች ብዙ ጊዜ ከ2,000 ሜትር በላይ ይበራሉ፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አየር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ይህ ማለት የአሜሪካዊው አብራሪ ትልቅ በረራ አዲስ አበቤ በየቀኑ ቢሮው ገብቶ የሚቀመጥበት ከፍታ መሆኑ ነው። እኛ ለምደነዋል፤ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እዚያ የደረሰ ሰው ግን ደሙ አልለመደም፤ በዚያ ላይ መርዙ ሲታከልበት ጉዳቱ በረታ ይላል።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከ1982 እስከ 2020 ድረስ በካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ምክንያት የደረሱ 31 የአይሮፕላን አደጋዎችን ለይቶ ቆጥሯል። ከእነዚህ 23ቱ ሰው የሞተባቸው ናቸው፤ የሞቱትም 42 ሰዎች ናቸው። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ይህን ጋዝ የሚያመለክት መሣሪያ የተገኘው በአንዲቱ አይሮፕላን ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። የእግር ኳስ ወዳጆች ደግሞ አርጀንቲናዊውን ኤሚልያኖ ሳላን ያስታውሳሉ። በጥር 21 ቀን 2019 ከፈረንሳይ ናንት ወደ ካርዲፍ ሲጓዝ አይሮፕላኑ በእንግሊዝ ቻነል ውስጥ ወደቀች። ያቺ አይሮፕላን ከላይ ከጠቀስኋቸው በጣም ያነሰ ዕድሜ የነበራት፣ በ1984 የተሠራች ፓይፐር ማሊቡ ነበረች። ደሙ ሲመረመር 58 ከመቶው ሄሞግሎቢን በካርቦን ሞኖክሳይድ ተይዞ ተገኘ፤ የእንግሊዝ መርማሪዎችም በ2020 ባወጡት ሪፖርት አብራሪውም በዚሁ ጋዝ ተጎድቶ ሊሆን እንደሚችል ገለጹ።

እንግዲህ «መስኮቱን መክፈት ነዋ!» ይሉ ይሆናል። እኔም የፊዚክስ ነገር ባይኖር ኖሮ ከእርስዎ ጋር በተስማማሁ ነበር። ሁለት ወረቀቶች ወስደው በሁለት እጅዎ ትይዩ አድርገው አንጠልጥለው ይያዙና በመካከላቸው እፍ ይበሉ። የሚራራቁ ይመስላል፤ ግን ይቀራረባሉ፤ ፈጥኖ በሚሮጠው አየር አጠገብ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ነው። በአይሮፕላኗ ጎን የሚሮጠውም ነፋስ እንዲሁ ነው። በበሩ ክፈፍና በመስኮቱ ጠርዝ በኩል የውስጡን አየር ወደ ውጭ ይስባል። የተሳበው አየር በሌላ መተካት አለበት። ከየት ይተካል? ካገኘው ቀዳዳ ሁሉ፤ ከወለሉ ሥር፣ ከጅራት በኩል፣ ከሁሉም ይልቅ ሞተሩን ከተቀማጮች ከሚለየው ግድግዳ። በዚያ ግድግዳ ላይ ለሽቦና ለመቆጣጠሪያ ዘንግ ማለፊያ የተከፈቱ ቀዳዳዎች አሉ፤ በዙሪያቸው የነበረው የጎማ ማሸጊያ በሰማንያ ዓመት ውስጥ ደርቆ ተፈርፍሯል። ስለዚህ የጎኑን መስኮት መክፈት በአንዳንዷ አይሮፕላን ላይ ሲጠቅም፣ በሌላዪቱ ላይ የውስጡን አየር እያስወጣ የሞተር ክፍሉን ጢስ በእጥፍ ይስባል። ማሞቂያው ተዘግቶ እንኳ!

የክንፉ ግንባር ቀዳዳ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ወደ ፊት የተከፈተ ቀዳዳ ነፋሱን ፊት ለፊት ስለሚቀበል ግፊት ይሰበስባል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር በሚበር አይሮፕላን ላይ ይህ ግፊት ቀጥ ብሎ የቆመ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ውኃ ሊሸከም ይችላል። ለዓይን ትንሽ ነው፤ ለአየር ግን ብዙ ነው። ውስጣዊ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ አየሩ በጉዞው ፍጥነት በግማሹ ብቻ ቢገባ፣ በየሰኮንዱ 40 ሊትር ያህል ማለት ነው፤ የዚያች ጠባብ ክፍል አየር አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሊለወጥ ይችላል። ከዚህም በላይ ውስጡ ያለው ግፊት ከፍ ስለሚል፣ በግድግዳው ስንጥቆች በኩል ይገባ የነበረው ጢስ መግባቱ ይቀንሳል፤ በዚያ በኩል አየሩ እንዲያውም ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። አንዲት ቀዳዳ ሁለት ሥራ ሠራች፤ ንጹሑን ታስገባለች፣ መርዘኛውን ትገፋለች።

ታዲያ ይህን ሁሉ የምታደርገው በትክክለኛው ቦታ ከተከፈተች ነው። ቱቦው አጭር እንዲሆንለት፣ ሥራውም እንዲቀልለት ብሎ ከሞተሩ ሽፋን ታች አፍ የሚከፍት ሰው ቢኖር፣ የጢስ ማውጫው ጫፍ በዚያው አካባቢ ነውና መርዙን በማንኪያ ማጉረስ ይሆንበታል። ከላይ በክንፉ ሥር፣ ከአካሉ ጥቂት ራቅ ብሎ የተከፈተ አፍ ግን ጢሱ ከሚሄድበት መንገድ ውጭ ነው። ከ1956 ጀምሮ በተሸጡት በሴስና 172ዎች ላይ ፋብሪካው ራሱ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ከፊት መስታወቱ በላይ በግራና በቀኝ ጥግ ተስቦ የሚወጣ አጭር ቱቦ አለ፤ ሲስቡት ይነፍሳል፣ ሲገፉት ይዘጋል። የአሮጌ አይሮፕላን ባለቤቶችም አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ይቀዳሉ።

አቀዳዱ ላይ የመካኒኩ ሙያ ይፈተናል። የክንፉ ቅርጽ የሚጸናው በውስጡ በተደረደሩት አጥንቶች ነው፤ ቀዳዳው በሁለት አጥንቶች መካከል ይውላል እንጂ አጥንት አይነካም። ላሜራው ከአንድ ሚሊ ሜትር የሳሳ አልሙኒየም ስለ ሆነ በተከፈተበት ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ሌላ ላሜራ ከውስጥ ተደርቦ በሪቬት ይታሰራል። የቀዳዳው አፍ ክብ ወይም ማዕዘኑ የተለዘበ መሆን አለበት፤ ስለታም ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነው። በ1954 ሁለት የእንግሊዝ ኮሜት አይሮፕላኖች በአየር ላይ ከተበተኑ በኋላ ዓለም ይህን ትምህርት በብዙ ሕይወት ተምሮታል። በሴስና 140 ዓይነቶቹ ላይ ደግሞ የቤንዚኑ ታንክ በክንፉ ሥር ስለ ሆነ ቱቦው ከታንኩና ከቤንዚን መስመሩ ርቆ መዘርጋት አለበት፤ ቢያፈስ የቤንዚን ትነት በቀጥታ ወደ አብራሪው አፍንጫ ይመጣል። ቱቦው በመካከሉ ወደ ታች መርገብ የለበትም፤ የረገበበት ቦታ የዝናብ ውኃ ያቁራል። ጫፉም በፋሸታ ጠብቆ ይታሰራል።

ክንፉን መንካት የፈራ ሰው ቀለል ያለ መንገድ አለው። በጎኑ መስታወት ላይ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ የሚሽከረከር የፕላስቲክ ክዳን መግጠም ነው፤ ክዳኑ አንድ ወገን እንደ ማንካ የጎደጎደ ስለ ሆነ አፉን ወደ ፊት ቢያዞሩት ነፋስ ያስገባል፣ ወደ ኋላ ቢያዞሩት ያስወጣል። ሞተር የሌላቸው ተንሳፋፊ አይሮፕላኖች ላይ የተለመደ ነው። ርካሽ ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላም ያልቃል። ግን መስታወት የምንለው እውነተኛ መስታወት ሳይሆን ፕሌክሲግላስ የሚባል ፕላስቲክ ነው። በተራ የብረት ፑንታ ትራፓኖ ቢያስነሡበት ፑንታው ይነክሰውና ይሰነጥቀዋል። ጫፉ ለፕላስቲክ ተብሎ የተሞረደ ፑንታ ያስፈልጋል፤ አቀዳዱ በዝግታ ነው፤ ከዚያም የቀዳዳው ጠርዝ አንዲት ጭረት ሳትቀር በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ቀዳዳው ከሚገባበት ዕቃ ጥቂት ሰፋ ይላል፤ ፕሌክሲግላስ በብርድ ከብረት ይበልጥ ይኮማተራልና ጠብቆ የተገጠመ ዕቃ በመጀመሪያው ከፍታ ላይ ይሰነጥቀዋል። በእኔ አስተያየት ይህ መንገድ ለምቾት ይበቃል፤ ጢስን ለመከላከል ግን የክንፉን ያህል አይታመንም። ከላይ እንደ ነገርኩዎ የጎን መስታወት የሚስብ ቦታ ነው፤ ክዳኑ ወደ ኋላ የዞረ እንደ ሆነም ጠላትን በር ከፍቶ መጥራት ይሆናል።

የአየር መውጫውንም መርሳት አይገባም። ጠርሙስ ውስጥ እፍ ቢሉ አየር አይገባልዎትም፤ መውጫ የለውምና። አሮጌ አይሮፕላን በየበሩ ክፈፍ ስለምታፈስ ብዙ ጊዜ መውጫ አታጣም። ግን አንዳንድ ባለቤት ክፈፉን ሁሉ በአዲስ ጎማ አሽጎ ሲያበቃ «የገጠምሁት ቱቦ አይነፍስም» እያለ ያማርራል።

ቀዳዳ ለመክፈት የባለቤትነት ወረቀት አይበቃም። አይሮፕላኗ በ1946 ስትፈቀድ የተፈቀደችው ከነቅርጿ ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ፈቃድ ያለው መካኒክ ሥራውን አይቶ ትንሽ ለውጥ ነው ወይስ ትልቅ ለውጥ ብሎ መለየት አለበት። ትንሽ ከሆነ በአይሮፕላኗ መዝገብ ላይ ጽፎ ይፈርማል። የክንፉን አካል የሚነካና ትልቅ የሚባል ከሆነ ግን የፌዴራሉ አቪዬሽን አስተዳደር ቁጥር 337 የሚለው ቅጽ ይሞላል፤ በተፈቀደ ንድፍ መሠረት መሠራቱ ይረጋገጣል፤ የመመርመር ሥልጣን ያለው ሰው ይፈርምበታል፤ አንዱም ቅጂ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ይላካል። በመሥሪያ ቤት የምታገለግሉ አንባቢዎች እንደምታውቁት፣ ቅጽ በዓለም ሁሉ ቅጽ ነው፤ ከቀዳዳው ይልቅ ወረቀቱ ረዘም ያለ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ይህን ሽሽት በሌሊት ቀድደው ዝም የሚሉ አይታጡም፤ ዓመታዊው ምርመራ ሲደርስ ግን መርማሪው ያገኘዋል።

አዲስ ቀዳዳ የአሮጌ ማርሚታን ስንጥቅ እንደማይደፍንም ማወቅ ያስፈልጋል። ጥሩ መካኒክ ትራፓኖውን ከማንሣቱ በፊት የማርሚታውን ሽፋን ይፈታል፤ ስንጥቅ ይፈልጋል፤ በሞተሩ ግድግዳ ላይ ያሉትንም ቀዳዳዎች እሳት በሚችል ማሸጊያ ይደፍናል። ከሁሉ በኋላ ሥራው በበረራ ይፈተናል። የጋዝ መለኪያ መሣሪያ ይዘው ሞተሩን በሙሉ ኃይል አስነሥተው አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርገው በዝግታ ይወጣሉ፤ ጢሱ በሆዷ ሥር ተጠግቶ የሚሄደው ያን ጊዜ ስለ ሆነ ጉድለት ካለ እዚያ ይታያል። ለእነዚህ አይሮፕላኖች የተደነገገው ወሰን ከ20,000 እጅ አየር አንድ እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ፈተናው በማሞቂያው ተዘግቶም ተከፍቶም፣ አዲሱ ቱቦ ተስቦም ተገፍቶም ይደገማል። ርካሹ መለኪያ በመካከሉ ነጥብ ያለበት ካርድ ነው፤ ጋዙ ሲያገኘው ነጥቡ ይጠቁራል፤ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ኃይሉ ያልቃል፣ አብራሪውም ዓይኑን ካልጣለበት አይጮኽም። በባትሪ የሚሠራው መሣሪያ ይጮኻል፤ ስለዚህ ይመረጣል።

አብራሪው በበረራ ላይ ራሱን ካመመው ወይም መሣሪያው ከጮኸ ሥራው አጭር ነው፤ ማሞቂያውን ይዘጋል፤ የንጹሕ አየሩን ቱቦ እስከ መጨረሻው ይስባል፤ ባገኘው ቅርብ ሜዳ ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የተርብ ነገር ነው። አይሮፕላኗ በሜዳ ቆማ ስትከርም ጭቃ ሠሪ ተርቦች እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ለጎጆ ይመርጡታል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቱቦው በጭቃ ሊደፈን ይችላል። ስለዚህ በአፉ ላይ ወንፊት ይደረግበታል፤ ስትቆም ደግሞ ቡሽ ይወተፍበታል። በቡሹ ላይ ረዘም ያለ ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠላል፤ አብራሪው ከመነሣቱ በፊት አይሮፕላኗን ሲዞር አይቶ እንዲነቅለው።